ፈቃዱ ሰው ይቆጥራል፣ ብርካ አይቆጥርም

በጅግጅጋና በድንበር ከተማዋ በቶጎ ውጫሌ መካከል የሚመላለስ ነጋዴ ብዙ ጊዜ ሁለት ስልክ ይይዛል። በአንዱ የኛው ሲም አለ፣ በሌላው የሐርጌሳው ቴሌሶም። የጫቱን ዋጋ በኛው ይደዋወላል፤ የልባሹንና የኤሌክትሮኒክሱን ዶላር ደግሞ በዛድ፣ በቴሌሶም የሞባይል ገንዘብ፣ ይልካል። ዛድ ሥራ የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ቴሌብር የመጣው በ2013። የድንበሩ ሰው በስልክ ገንዘብ መላክን ከአዲስ አበባው ቀድሞ ለምዶታል። ማማው ከወዲያ ማዶ ይቆማል፣ ሞገዱ ኬላ የለበትም።

እኛ ግን ስለ ቴሌኮም ፈቃድ ስናወራ የምናወራው ስለ ጨረታው ገንዘብ ነው። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ገበያውን ከፈተ። በ2013 በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ ፈቃዱን ወሰደ፤ ኤም ቲ ኤን 600 ሚሊዮን ብሎ ቀረ። ፈቃዱ ሲሸጥ የሞባይል ገንዘብ አልተካተተበትም ነበር፤ እሱ ከሁለት ዓመት በኋላ በተጨማሪ ክፍያ መጣ። ማማ ሠርቶ የሚያከራይ ሦስተኛ ኩባንያም አልተፈቀደም። አዲስ የሚገባው ኩባንያ ወይ ራሱ መትከል፣ ወይ ከኢትዮ ቴሌኮም መከራየት ነበረበት። ያን ያህል የከፈለ ኩባንያ ገንዘቡ ቶሎ የሚመለስበትን ከተማ ቢመርጥ ማን ይፈርድበታል? በነሐሴ 2014 አገልግሎቱን የሞከረው ድሬዳዋ ላይ ነው። ትክክለኛ ምርጫ ነበር።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። የሽፋን ግዴታ የሚለካው በሕዝብ ብዛት መቶኛ ነው። ይህ ስሌት ለደጋው ያዋጣል፤ ሰው ቤት ሠርቶ ይቀመጣልና። በሶማሌ ክልሏ ሐርሺን ግን ሰው የሚገኘው ውኃ ባለበት ነው። ብርካ የሚሉት በሲሚንቶ የተለሰነ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ አለ፤ ባለቤቱ በድርቅ ጊዜ ውኃውን ይሸጣል። ግመሎቹን ይዞ ረጅም መንገድ ከመነሳቱ በፊት አርብቶ አደሩ ማወቅ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ብርካው ውኃ አለው ወይስ ደርቋል? ዋጋውስ ስንት ገባ? አንድ ጥሪ መንጋ ያድናል። በመቶኛው ስሌት ግን ያ ብርካ ዜሮ ነው።

ውል አርብቶ አደሩን ሲዘል ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ኮንሴሲዮን ሐዲዱን ተከትሎ የቴሌግራፍ ሽቦ መዘርጋትንም ይጨምር ነበር። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። በደወሌ፣ በአይሻ፣ በሽንሌ አድርጎ፣ ዛሬ ሲቲ ዞን በምንለው በኢሳ ሶማሌዎች ምድር ነው ያለፈው። ኢሳዎች መሬታችን ነው ብለው ሥራውን ደጋግመው አጥቅተዋል። ውሉ መነሻና መድረሻውን ጻፈ፤ መሃል ያለውን ሰው እንደ መንገድ ቆጠረው።

አሁን ውል የሚጽፈው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ አትራፊ ላልሆኑ አካባቢዎች አገልግሎት የሚውል ፈንድ እንዲኖር ደንግጓል። ስለዚህ ሰበቡ የሕግ እጥረት ሊሆን አይችልም። ማማው መብራት ከሌለበት ቦታ በናፍጣ ጄኔሬተር ስለሚሠራ ወጪው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ኩባንያው ብቻውን ይሸከመው አልልም። ፈንዱ ለዚያ ነው። ማማ የሚያከራይ ኩባንያ እንዲገባ መፍቀድም ያግዛል፤ አንዱ ማማ ለሁለት ኩባንያ ሲሠራ ወጪው ይቀንሳል።

ለውጭ ኩባንያ የታሰበው ሁለተኛው ፈቃድ በ2015 ዓ.ም. ዳግም ለገበያ ቀርቦ ሁነኛ ገዢ አላገኘም። ሦስተኛ ሙከራ ካለ፣ ባለሥልጣኑ የሽፋን ግዴታውን በወረዳ ለይቶ ያውጣ። ብርካውን፣ የከብት ገበያውንና የመኪና መንገዱን ይቁጠር። ሰነዱንም አውበሬና ቀብሪ በያህ ያሉ ሽማግሌዎች እንዲያነቡት በሶማልኛ ያትመው።