«ማን ነገረህ?»፦ ከኩራማ ተራራ እስከ መንዝ

በዚህ ሴሚስተር በፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ርዕስ በዕጣ ሲታደል ለእኔ የደረሰኝ «ሬኪ» የሚባል የጃፓኖች የእጅ ፈውስ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። የመንዝን ልጅ ከጃፓን ፈውስ ጋር ምን ያገናኘዋል? እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ማንበብ ስጀምር ግን ሳቁ ጠፋብኝ፤ አምና በዚሁ ቡለቲን ላይ የሠራሁትን ስህተት እዚያ ውስጥ አገኘሁታ!

እስቲ ከጃፓኑ ልጀምር (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሬኪ ማለት ፈዋሹ እጁን በታማሚው ሰውነት ላይ በማሳረፍ «ኪ» የተባለውን የሕይወት ኃይል ያስተላልፍበታል የሚባል ልማድ ነው። ጀማሪው በ1865 የተወለደው ሚካዎ ኡሱይ ነው። በ1922 ከኪዮቶ አጠገብ ባለው ኩራማ ተራራ ላይ ለ21 ቀናት ጾሞ ኃይሉን እንዳገኘ ይነገራል። እኛ ሦስት ሱባኤ ያዘ የምንለው መሆኑ ነው። ከዚያ ቶኪዮ ገብቶ ማስተማር ጀመረ፤ በ1926 ሞተ። በዓመቱ ተማሪዎቹ የመታሰቢያ ድንጋይ አቆሙለት፤ ከ2000 በላይ ሰዎች እንዳስተማረም ጻፉበት።

ከተማሪዎቹ አንዱ ቹጂሮ ሃያሺ የተባለ ጡረታ የወጣ የባሕር ኃይል ሐኪም ነበር። እሱ ቶኪዮ ውስጥ በከፈተው ክሊኒክ በ1935 ሃዋዮ ታካታ የምትባል ሴት ታማ መጣች። ሃዋይ ውስጥ ከጃፓናውያን ስደተኞች የተወለደች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ዳንኩ አለች፤ ተማረች፤ ይዛው ወደ ሃዋይ ተመለሰች። በ1980 እስክትሞት ድረስ 22 ማስተሮች አሠልጥናለች፤ ለዚህ ማዕረግ 10,000 ዶላር ታስከፍል ነበር። ዛሬ በየአገሩ ያለው ሬኪ አብዛኛው ከእሷ የወረደ ነው።

እኔን የያዘኝ ታዲያ ገንዘቡ አይደለም። ታካታ ለተማሪዎቿ ስትተርክ ኡሱይ የክርስቲያን መምህር ነበር፣ ኪዮቶ ያለውን የዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ መርቷል፣ አሜሪካ ሄዶ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተምሯል ትል ነበር። አሜሪካኖቹም አምነው ለሌላው አስተላለፉ፤ መጽሐፍም ተጻፈበት። በኋላ መዝገብ ያገላበጡ ሰዎች ግን በሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ስሙን አጡት። ድንጋዩም ስለ ክርስቲያን መምህርነቱ አንድም አይናገር። ብዙዎች የሚገምቱት ከጦርነቱ በኋላ የጃፓን ነገር ለአሜሪካን ጆሮ እንዲጥም ተብሎ የተቀባ ታሪክ ነው ብለው ነው። ሊሆን ይችላል። ለእኔ የሚገርመኝ ግን የተናገረችው ሴትዮ ሳትሆን በየተራ የተቀበሉት ናቸው። አንድ ቴምብር ለጥፎ ለዩኒቨርሲቲው መጻፍ ይበቃ ነበር እኮ!

አሁን ወደ ራሴ። ሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው ጠበል ሳይሰማ አያድግም። በሰላ ድንጋይ በኩል ያለችውን ጻድቃኔ ማርያምን እንኳን እኛ የአዲስ አበባ ሰው ያውቃታል። አምና በዚህ ቡለቲን የጻፍኩት ግን ስለ ሌላ፣ ስሙን ስለማልጠቅሰው የሰፈራችን ጠበል ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት «ከሳንባ ነቀርሳ ተፈወሱ» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍኩ፣ አለቀ። መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ «ማን ነገረህ?» ብለው ዳር ላይ ጽፈውበት ነበር፤ እንደ ቀልድ አለፍኩት።

ክረምት አገር ቤት ስገባ ሴትዮዋ እንደገና እየሳሉ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ የጤና ጣቢያውን ክኒን ጨረሱት ወይ?» አልኳቸው።

«ሁለት ወር ዋጥኩት፤ ከዳንኩ ወዲያ ምን ሊያደርግልኝ ልጄ? አንተስ መዳኔን ጽፈህልኝ የለ!»

ጋዜጣዋን አጣጥፈው ሣጥናቸው ውስጥ አስቀምጠዋታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መድኃኒትሽን ቀጥይ ልትላቸው ብትመጣ እሷን አውጥተው አሳይተዋታል። የኔን ጽሑፍ! የቲቢ መድኃኒት ቢያንስ ስድስት ወር የሚወሰድ መሆኑን፣ ሰው በሁለት ወር ሊሻለው እንደሚችልና ያኔ ቢያቋርጥ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ እንደሚመለስ የትኛውም ጤና ጣቢያ ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅኩም።

እዚህ ላይ «ያው፣ ጠበል ላይ ዘመተ» የሚል አይጠፋም። አልዘመትኩም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ጠበሉ መድኃኒት ጣሉ አላለም፤ ቄሱም አላሉም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ከጠበሉ ጋር የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ መክረዋል። ሁለቱን ያጣላናቸው እኛ ነን፤ ክኒኑን ከታሪኩ ቆርጠን አውጥተን «ተአምር» እያልን የምንጽፈው። ሬኪም ቢሆን እጅ ሲያርፍበት ሰው መረጋጋቱን አልክድም፤ ኪ የሚባለውን ኃይል ግን እስካሁን የለካው የለም። ሁለቱን አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ አንዱ እምነት ነው፣ ሌላው በክፍያ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ዘጋቢው ግን ለሁለቱም የሚጠይቀው ያው ነው፦ ማን መረመረ? ሌላ ምን ይወስዱ ነበር? ከስድስት ወር በኋላስ እንዴት ናቸው?

ያንን ጽሑፍ ያወጣው ይህ ቡለቲን ስለሆነ ማስተካከያውም እዚሁ ይውጣልኝ። አምና ተፈወሱ ያልኳቸው እናት አልተፈወሱም ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ መድኃኒታቸውን እንደ አዲስ ጀምረዋል፤ ጠዋት ጠዋት ጠበላቸውንም ይጠጣሉ። አብሯቸው የሚተኛው የልጅ ልጃቸውም ተመርምሯል፤ ውጤቱን ገና እየጠበቅን ነው።