ሰማያዊዋ ክኒን

አንባቢ ሆይ! አንድ ስፖርተኛ አበረታች መድኃኒት ተገኘበት ሲባል ድንጋይ ለማንሣት እንዴት እንፈጥናለን! አቀባዩንስ ማን ጠየቀው?

የቀድሞዋን ምሥራቅ ጀርመን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1974 በጸደቀ ምስጢራዊ የመንግሥት ዕቅድ መሠረት፣ ሐኪሞችና አሠልጣኞች ለታዳጊ ልጃገረዶች ሳይቀር ሰማያዊ ክኒን ያድሉ ነበር፤ «ቫይታሚን ነው» እያሉ። ቱሪናቦል የተባለ ስቴሮይድ ነበር። የልጃገረዶቹ ድምፅ ጎረነነ፤ የብዙዎቹ ጤና ዕድሜ ልክ ታወከ።

ምርመራ አልነበረም እንዳይባል፣ ነበረ። የክራይሻው ቤተ ሙከራ ስፖርተኞቹን ወደ ውጭ ከመሄዳቸው በፊት ይመረምር ነበር፤ አጥፊ ለመያዝ ግን አይደለም፤ መድኃኒቱ ከሰውነቱ ያልጠራለት እንዳይጓዝና ምስጢሩ እንዳይወጣ እንጂ። ሚዛኑን የያዘው ራሱ ሌባው ነበር!

እ.ኤ.አ. በ2000 የበርሊን ፍርድ ቤት የስፖርቱን የበላይ ኃላፊ ማንፍሬድ ኤቫልድን ጥፋተኛ አለው፤ ቅጣቱ ግን የ22 ወር እሥራት ሆኖ በገደብ ተለቀቀ። ለተበላሸ ዕድሜ ይህ ዋጋ ነውን?

አውቆ የወሰደ ይጠየቅ፤ ማንም አይከላከልለት። ነገር ግን የስፖርተኛውን ሽንት ብቻ መርምሮ የሚያበቃ ፍትሕ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ነው። ሜዳሊያው ከአንገት በሚወልቅበት ችሎት፣ ክኒኑን ያቀበለው እጅም ይቁም።