«ተመስጥሯል» ማለት ምን ማለት ነው?

ኢንቴል መብራት ቢጠፋም መረጃ መያዝ የሚችለውን፣ እንደ ራም የሚሰካውን ኦፕቴይን ሜሞሪ ሲሸጥ፣ «መረጃዬ በሌላ እጅ ቢወድቅስ?» ብሎ ለሠጋ ደንበኛ የነበረው መልስ አጭር ነበር፦ መረጃው ተመስጥሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 ምርቱን ለማቆም ወስኖ የ559 ሚሊዮን ዶላር ክምችት በኪሳራ ሲመዘግብ፣ ወሬው ሁሉ ስለ ገንዘቡ ሆነ። ያቺን መልስ ግን መልሶ ያነሣት አላየሁም።

እስቲ እንያት። ኦፕቴይን ሁለት አሠራር አለው። እንደ ተራ ራም ሲሠራ፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር የምስጠራው ቁልፍ ይጣላል፤ ስለዚህ መረጃው እንደጠፋ ይቆጠራል። ልብ በሉ፣ «ይቆጠራል» ነው። መረጃው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ይሁን፤ ቁልፉ በእርግጥ ከተጣለ 256 ቢት ምስጠራን በግምት የሚፈታ የለም። መጣሉን ግን ከአምራቹ ቃል በቀር በምን እናረጋግጣለን?

ሁለተኛው አሠራር ይብሳል፤ ሜሞሪውን ከተራ ራም የሚለየውም ይኸው ነው። መብራት ቢጠፋም መረጃው እንዲቆይ ከተፈለገ ቁልፉም መቆየት አለበት። የሚቀመጠው እዚያው ሜሞሪው ውስጥ ነው። ባለቤቱ ፓስወርድ ካላበጀለት፣ ነቅሎ ሌላ ሰርቨር ላይ ለሚሰካው ሰው ሁሉ ይከፈታል። ፓስወርዱ ደግሞ ግዴታ አይደለም። ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ የሄደ ሰው «ቆልፌያለሁ» ቢል አልዋሸም።

በእርግጥ የድሮው ራምም ንጹሕ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2008 የፕሪንስተን ተመራማሪዎች ራሙን አቀዝቅዘው የዲስክ መክፈቻ ቁልፎች አውጥተውበታል። ያኔ ግን መረጃው ሳይጠፋ ለመድረስ ሌባው ከደቂቃዎች ጋር ይሽቀዳደም ነበር። አሁን ምን አስቸኮለው?

«ትልቅ ተቋም እንዲህ ያለውን አይዘነጋም» የሚል ካለ የአሜሪካውን ባንክ ሞርጋን ስታንሊን ይመልከት። አሮጌ ሰርቨሮቹንና ዲስኮቹን እንዲያስወግድለት የቀጠረው መረጃ የማጥፋት ልምድ የሌለው የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት ነበር፤ የደንበኞች መረጃ ያለባቸው መሣሪያዎች በኢንተርኔት ጨረታ ተሸጡ። የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2022 የ35 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለበት። ከክሱ ውስጥ የገረመኝ ግን ይህ ነው፦ ደብዛቸው ከጠፋው ሰርቨሮች ውስጥ ማመስጠሪያ የተገጠመላቸው ነበሩ፤ ለዓመታት ያበራው አልነበረም። ያውም እነዚህ ዲስክ የያዙ ናቸው፤ ዲስክ መረጃ እንደሚይዝ የማያውቅ የለም። ራም መስሎ የተሰካውን ከመሸጡ በፊት አጽዱ ብሎ የሚያዝ ማን ይሆን?

ኦፕቴይን የያዙ ሰርቨሮች አሁን እየተነቀሉ ነው፤ ሜሞሪውም ባገለገለ ዕቃ ገበያ ይገኛል። ከመካከላቸው ስንቱ ፓስወርድ እንደነበረው ኢንቴል ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።