«አደራ» የሚለው ቃል



ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ቂርያት ጋት ከጸሎት ስንመለስ ልጄ፣ «አባ፣ ቄሶቹ የሚጸልዩት በአማርኛ ነው?» አለኝ። የጠየቀኝ በዕብራይስጥ ነው። «በግዕዝ ነው» አልኩት። «ሁሉም?» ሲለኝ ዝም አልኩ። ሁሉም ግዕዝ አይደለማ!

አባቴ ቄስ ነበሩ። ሌሊት ሲጸልዩ በግዕዙ መካከል «አደራ» ይላሉ። እኔ ልጅ ነኝና አደራ የሚሉት እኔን ይመስለኝ ነበር። ትርጉሙን ያወቅሁት አድጌ፣ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ በቋረኛ «ጌታ» ማለት ነው። አባቴ ፈጣሪን ነበር የሚጠሩት።

ቋረኛ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ከቅማንቶች ቋንቋ ጋር ይዛመዳል። ቅድመ አያቶቻችን በቋራና በጎንደር ዙሪያ ይነጋገሩበት ነበር። ቀስ በቀስ አማርኛ ቤት ገባና ቋረኛ በጸሎት ውስጥ ብቻ ቀረ። የሚያሳዝነው ምን መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1866 የቋንቋውን ቃላት ሰብስቦ ያሳተመው ፍላድ የሚባል ሚሲዮናዊ ነው። እምነታችንን ሊያስለውጥ የመጣ ሰው ቃላችንን ጻፈው፤ እኛ ግን ሳንጽፈው ቀረን።

መጻፉም ብቻውን አይበቃም። በሩሲያ፣ በቮልጋ ወንዝ አጠገብ፣ ቹቫሽ የሚባል ሕዝብ አለ። ብዙዎቹ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ናቸው፤ የጥንት አባቶቻቸውን እምነት የያዙም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ኢቫን ያኮቭሌቭ የተባለ መምህር ፊደል አዘጋጀላቸው፤ በ2009 ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በቋንቋቸው ወጣ። ያም ሆኖ ከተማ ያደጉት ብዙ ልጆቻቸው በሩሲያኛ ነው የሚያወሩት።

አሁን ተራው የእኛ አማርኛ ነው። ልጆቻችን ዕብራይስጥ መቻላቸው ደስታችን ነው። ግን እኛ በአማርኛ ስንጠይቅ እነሱ በዕብራይስጥ ሲመልሱ «ይሁን» ብለን እናልፋለን። ቋረኛም ከቤት የወጣው እንዲሁ «ይሁን» እየተባለ ይመስለኛል።

እንግዲህ ለስግድ ወደ ኢየሩሳሌም ከመውጣታችን በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። የምታውቁትን አንድ የጸሎት ቃል ለልጅ ልጃችሁ ከነትርጉሙ ንገሩት። የማታውቁትን ሳታፍሩ ቄሱን ጠይቁ። ከቅዳሜና ከበዓል በቀር ባለው ቀን ደግሞ ልጁ ድምፃቸውን በስልኩ ይቅዳ።

እኔ ለልጄ «አደራ ማለት ጌታ ነው» ብዬ ነገርኩት። «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።