የድንጋዩ ቤት ማገር የት አለ?

በአዳማ ከተማ ዳር ዳር የሚመላለስ ሰው አብዝቶ የሚያየው ነገር ሁለት ነው፤ አንዱ አቧራ፥ ሁለተኛው በመሠራት ላይ ያለ ቤት። ትናንት ጭቃ ይመረግበት የነበረው ሰፈር ዛሬ ብሎኬትና ጥርብ ድንጋይ ተደርድሮበታል። ይህን ስናይ ደስ ይለናል።

እኛ ያደግነው በጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲቃረብ እናታችን ጭቃውን ከጭድ ጋራ አስቦክታ የረገፈውን ግድግዳ ታስመርግ ነበር፤ በዓመቱም ያው ሥራ እንደ ገና ይጀመራል። ቋሚው ከውጭ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ በጣት ሲነኩት ግን ምስጥ የጨረሰው ዱቄት ነው። ለምርጊትና ለባሕር ዛፍ በየዓመቱ የወጣው ገንዘብ ቢደመር ስንት ግድግዳ ባቆመ ነበር! የድንጋይና የሸክላ ጡብ ግንብ ምስጥ አይበላውም፥ እሳት ቶሎ አይበረታበትም፥ ወፍራም ከሆነም የቆላውን የቀን ሙቀት አዘግይቶ ያስገባል።

በዚህ ረገድ ስምጥ ሸለቆ የታደለ አገር ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣው ትኩስ ዐመድ ተጣብቆ የደነደነበት ድንጋይ በአዳማ ዙሪያ ሞልቷል፤ የሥነ ምድር ሊቃውንትም ከድንጋዮቹ ወገን አንዱን በከተማይቱ የቀድሞ ስም «ናዝሬት» ብለው ሰይመውታል። ፑሚስ የሚባለውም ቀላልና ባለ ቀዳዳ ስለ ሆነ ለብሎኬት ይሆናል፥ ተፈጭቶም ከሲሚንቶ ጋራ ይደባለቃል።

ነገር ግን ድንጋዩን የሰጠን ያው ሸለቆ መሬቱንም ያንቀጠቅጣል። በ1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በ1953 ዓ.ም. በሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ያለችው መጀቴ ፈርሳለች። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ ምድር ለወራት ስትናጥ ከርማ፥ ታኅሣሥ 26 ቀን 5.7፥ የካቲት 7 ቀን 6.0 ያህል መጠን ያለው ነውጥ ተመዘገበ፤ ቤቶች ፈረሱ፥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ተፈናቀሉ። በአዳማም አልጋችን ሲወዛወዝ ነቅተን ወደ ደጅ የወጣን ብዙዎች ነን።

ከዚያ ወዲህ የሞሮኮዋ አጋዲር ከሐሳባችን አልወጣችም። የካቲት 21 ቀን 1952 ዓ.ም. ሌሊት የመታት ነውጥ ከእኛ የታኅሣሡ ነውጥ በመጠን እምብዛም የሚበልጥ አልነበረም፤ ሆኖም ከከተማይቱ ሥር ስለ ተነሣ ከ12 ሺህ የማያንስ ሰው ገደለ። ሰዉን የተጫነው የገዛ ቤቱ ነው። ብዙዎቹ ግድግዳዎች ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ ከመቆሙ በቀር የሚያስተሳስራቸው ብረት አልነበረባቸውም።

እዚህ ላይ የናቅነው የጭቃ ቤት የሚያስተምረን አለ። ቋሚው ከቋሚ ጋራ በማገር ተጠፍሮ የታሰረ ነውና ሲነቀነቅ ይወዛወዛል እንጂ እንደ ክምር ድንጋይ አይበተንም (ምስጥ ካልቀደመው ማለት ነው)። ለድንጋዩም ቤት ማገር ያስፈልገዋል፤ እርሱም ከመሠረቱ በላይ የሚዞረው ግሬድ ቢም፥ በየማዕዘኑ የሚቆመው ባለ ፌሮ ዐምድ፥ ከጣሪያው ሥር ግድግዳውን ሁሉ እንደ መቀነት የሚጠመጥመው ቶፕ ታይ ቢም ነው። ግንበኞቻችን ስሙን አያጡትም። ገንዘብ ሲያጥር ግን መጀመሪያ የሚቀረው ይኸው ነው፤ ፌሮው ይቀጥናል፥ ስታፋው ይራራቃል፥ ከዚያም ልስኑ ሁሉን ይሸፍነዋል። ለብረት በር የሚሆነው ገንዘብ ግን አይጠፋም!

አገሪቱ ሕግ የላትም አይባልም። በ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ወጥቷል፤ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከት የግንባታ ደረጃም አለ። ፎቅ ሲሠራ መሐንዲስ ይጠራል፤ አብዛኛው ሰው በሚተኛበት በምድር ቤት ሥራ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከግንበኛው በቀር ማንም የለም። በየማዘጋጃ ቤቱ አዲስ የተቀጠራችሁ ጓደኞቻችን፥ ፕላን ላይ ማኅተም አድርጋችሁ ከመመለስ ይልቅ ቦታው ድረስ ብትሄዱ ምን ይጎዳችኋል? የምትሄዱበትም ቀን ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት፥ ፌሮው ገና በዐይን ሲታይ ይሁን። ተማሪዎችም ለዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትገቡ፥ ወላጆቻችሁ ቤት የሚያሠሩ እንደ ሆነ፥ ስለ ማገሩ ጠይቁ።

እኛም በጭቃው ቤት ቦታ የድንጋይ ቤት የሚያሠሩትን አባታችንን ይህንኑ ጠየቅናቸው። «እርሱ ለከርሞ ይደርሳል» አሉን። ግድግዳው ከመስኮት አልፏል።