ቤቱ ባለበት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ግን ራቀ



በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ቤት የሚሠራ ሰው ቦታ ሲመርጥ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ውሃ፣ መስጊድና ትምህርት ቤት። መስጊዱ ከቦታው አይነሳም፤ ውሃውም ቢዘገይ አንድ ቀን ይመጣል። ትምህርት ቤቱ ግን ሕንፃው ባለበት ቆሞ ከእኛ ልጆች ሊርቅ ይችላል። «ከመስከረም ጀምሮ የዚህ ቀበሌ ተማሪዎች በዚያኛው ትምህርት ቤት ተመድበዋል» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ አጥሩም፣ ካርታውም፣ የቤት ቁጥሩም እንዳለ ነው፤ የተለወጠው የምደባው መስመር ብቻ ነው።

መስመሩ የሚለወጠው ሁልጊዜ በአንድ ሰው ክፋት አይደለም። አንዱ ምክንያት የክፍል ደረጃው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል አድርጎት ነበር። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ እስከ 6ኛ ያለውን አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛን መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ሁለተኛ ደረጃ አድርጎታል። እነዚህ በየራሳቸው ግቢ በተለዩበት ቦታ ልጁ ስምንት ዓመት ይቆይበታል ያልነውን ግቢ በስድስት ዓመት ይለቃል።

ሁለተኛው ምክንያት የአስተዳደር ወሰን ነው። ይህ ለአካባቢያችን አዲስ አይደለም፤ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ስልጤ ራሱን የቻለ ዞን ሲሆን አይተናል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መመሥረቱን ተከትሎ ደግሞ ሁለቱ ከተሞቻችን በዞን ተለያዩ፤ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆኑ። ቀቤናና ማረቆም ልዩ ወረዳ ሆነዋል። ከከተማ ዳር ቤት ያለው ሰው እንግዲህ ቤቱ በአንዱ አስተዳደር፣ ልጁ የለመደው ትምህርት ቤት በሌላው ሥር ሊሆንበት ይችላል። ጥቅምም አለው፤ ዞን ድረስ የሚያስኬድ አቤቱታ የነበረው የቡታጅራ ወላጅ ቀድሞ ወልቂጤ ድረስ ይጓዝ ነበር፤ አሁን ጉዳዩን በከተማው ይጨርሳል። ሦስተኛው ምክንያት፣ የክፍል መጣበብና የአዲስ ትምህርት ቤት መከፈት፣ ብዙ ማብራሪያ አይሻም።

ጉዳቱ የት ላይ ነው? ከሁሉ በፊት ፈረቃው ላይ ነው። እኛ ራሳችን በመድረሳም በመንግሥት ትምህርት ቤትም ተምረን ያደግን ስለሆንን ይህን በደንብ እናውቀዋለን። የጠዋት ፈረቃ የነበረ ልጅ ከዙሁር በኋላ ቁርአኑን ይቀራ ነበር። አዲሱ ትምህርት ቤት ከሰዓት ካስገባው የመድረሳው ሰዓት ሄደ ማለት ነው፤ ሴት ልጅም ከሆነች ወደ ቤት የምትመለሰው መግሪብ ሲቃረብ ነው። መንገዱም አለ። ወልቂጤን የጅማው አስፋልት፣ ቡታጅራን የሆሳዕናው አስፋልት መሐል ለመሐል ይሰነጥቃቸዋል። ከአስፋልቱ ወዲህ ይማር የነበረ የሰባት ዓመት ልጅ ወዲያ ማዶ ሲመደብ እናቲቱ በቀን ሁለት ጊዜ በጭነት መኪናና በባጃጅ መሐል ታሻግረዋለች። የቤት ባለቤቱም ሌላ ሐሳብ አለበት፤ ከገጠር መጥተው 9ኛና 10ኛ ክፍል ለሚማሩ ልጆች ጓዳ የሚያከራይ ሰው ትምህርት ቤቱ ሲዛወር ተከራዩም አብሮት ይሄዳል። ይህ ተራ ቅሬታ አይደለም፤ ስንቱ ቤት በዚያ ኪራይ ዘይቱንና ስኳሩን ይገዛል!

ታዲያ ብዙዎቻችን የምንይዘው መፍትሔ ምንድን ነው? ዘመድ መፈለግ። አጎቱ በዚያ ቀበሌ ይኖራል፤ መታወቂያው ይመጣል፤ ልጁ «ከአጎቴ ጋር ነው የምኖረው» ብሎ ይመዘገባል። በምዝገባ ጠረጴዛ ላይ ስንቀመጥ ይህን ደጋግመን አይተናል። አንድ ጊዜ መዝጋቢው «የት ትኖራለህ?» ሲለው ልጁ መልሱን ከመናገሩ በፊት ቀና ብሎ አባቱን አየ። አባትየው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ልጁም የተነገረውን አለ። አብዱላህ ቢን ዓሚር ባስተላለፉት ሐዲስ እናታቸው በልጅነታቸው «ና፣ እሰጥሃለሁ» ብለው ሲጠሯቸው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን ሊሰጡት እንዳሰቡ ጠየቋቸው፤ ተምር ነው አሉ፤ ምንም ባይሰጡት ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍባቸው እንደነበር ነገሯቸው። በአንድ ፍሬ ተምር ይህን ያህል ከተባለ፣ ልጁ ራሱ ዋሽቶ እንዲገባ ለምናደርገው ምዝገባ ምን እንላለን? ደግሞም ያ ወንበር የሌላ ልጅ ነበር፤ ምናልባት አጎት የሌለው የየቲም ልጅ።

ሌላው አደገኛ መፍትሔ ወሬ ነው። «እኛን ሊያርቁን ነው»፣ «ለእነ እገሌ ሊሰጡት ነው» የሚለው። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ በወልቂጤ፣ በ2011 ዓ.ም. መግቢያ በመስቃንና ማረቆ የደረሰውን ግጭት የምናስታውስ ሰዎች እንዲህ ያለውን ንግግር ቡና ላይም ሆነ ጫት ላይ እንዳንጀምረው እንለምናለን። የጉራጌ አገር ጀፎረ የሁሉም መንገድ ሆኖ የቆየው እያንዳንዱ ቤት አጥሩን ወደ ውስጥ ስለያዘ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ዋሽንግተን አጠገብ፣ በቨርጂኒያ የፌርፋክስ ካውንቲ ልጁ የሚማርበትን ትምህርት ቤት የሚወስነው የቤቱ አድራሻ ነው። ስለዚህ ሰው ቤት ሲገዛ አስቀድሞ የትምህርት ቤቱን መስመር ይጠይቃል። የካውንቲው የትምህርት ቦርድ በ2024 እ.ኤ.አ. መስመሮቹ በየአምስት ዓመቱ እንዲፈተሹ ወሰነ፤ ጉዳዩም ከወላጆች ጋር በየስብሰባው ተመከረበት። ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር አለ፤ ወላጅ የሚጠየቀው መስመሩ ከመሠመሩ በፊት መሆኑን። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ ነው፤ ግማሹ ጥፋት ግን ስብሰባ ስንጠራ አለመሄዳችን ነው። ወተመህ፣ ማለትም የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ ለመዋጮ ብቻ የተቋቋመ አይደለም።

አቤቱታ ካለን በጽሑፍ፣ ቀንና ፊርማ ይዞ፣ በመጀመሪያ ለርዕሰ መምህሩ፣ ከዚያ ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይቅረብ። «ቤቴ እዚህ ነው» ከማለት ይልቅ ምክንያቱ ይጻፍ፤ ወንድሙ እዚያው እንደሚማር፣ ልጁ አካል ጉዳተኛ እንደሆነ፣ አስፋልቱን ብቻውን መሻገር እንደማይችል። አሥር ቤተሰብ በአንድ ወረቀት ቢፈርም ይሻላል። ደግሞ ትምህርት ቤቱን ማስለወጥ ካልተቻለ ፈረቃውን ማስለወጥ ይጠየቅ፤ እኛ እንዳየነው ይህኛው ይቀላል። ፈረቃውም ካልተለወጠ ኡስታዙን እናነጋግር፤ ከፈጅር በኋላ አንድ ሰዓት የሚያስቀሩ መድረሳዎች አሉ፤ ልጆቹ ያዛጋሉ እንጂ ይቀራሉ።

መሸኛ ስንወስድ ስሙን ፊደል በፊደል እናንብብ። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሞሐመድ ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለፈተና መዝገብ ግን ሦስት ተማሪ ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ይህን ማስተካከል ከትምህርት ቤት ለውጡ የባሰ ያለፋል።

አዲሱ ትምህርት ቤት አጥርና ውሃ ከሌለውስ? አባቶቻችን በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት ያቋቋሙት መንግሥት እስኪሠራላቸው ሳይጠብቁ ነበር። የልጆቻችን መጸዳጃ ቤት ለወንድና ለሴት እንዲለይ፣ ቧንቧ እንዲገባ ማዋጣት ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር ነው። የአንዱን ትምህርት ቤት ስም ይዞ ከመሟገት ይልቅ ሁለተኛውን ተፈላጊ ማድረግ የቤታችንንም ዋጋ ይጠብቃል።

አንድ ነገር ለመርካቶ አባቶች። ብዙ ቤት አባት አዲስ አበባ፣ ልጆችና እናት እዚህ ናቸው፤ ስለዚህ አባት የምደባውን ለውጥ የሚሰማው በስልክ፣ ካለፈ በኋላ ነው። ዒድ አል-አድሓ በ2016 ዓ.ም. ሰኔ 9፣ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት 29 ዋለ። በእነዚህ ዓመታት ለአረፋ ወደ አገር የምንገባው የትምህርቱ ዘመን ሊዘጋ፣ የሚቀጥለው ዓመት ምደባ ሊታሰብ በሚጀመርበት ሰሞን ነው። ከዒዱ ማግስት ከግንቦት ወይም ከሰኔ በሬ ወሬ አንድ ሰዓት ቀንሶ፣ መሥሪያ ቤቱ ሲከፈት፣ ከባለቤታችን ጋር ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጎራ ብሎ «ለመስከረም የእኛ ቀበሌ ወዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።