ማርሚታው ሲጮህ

“አባዬ፣ ራሴን አመመኝ።”

ልጄ ይህን ያለችኝ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ነው። መንገዱ አድክሟት ይሆናል ብዬ ውሃ አቀበልኳት። ትንሽ ቆይቶ ታናሽ ወንድሟም “አቅለሸለሸኝ” አለ። ሁለቱም የተቀመጡት ኋላ ነው። ከፊት የነበርነው እኔና አባቴ ምንም አልተሰማንም።

መኪናችን ዕድሜ የጠገበች፣ ባለ ቱርቦ የናፍጣ ፓጄሮ ናት። ድምፅዋ ከጎረነነ ወር አልፎት ነበር። “አርጅታ ነው” ብዬ ችላ አልኩ።

በማግስቱ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ በክሪክ አንስቶ ማርሚታውን በመፍቻ ነካ ሲያደርገው ዝገቱ ተፈረፈረ። “ጋሼ፣ ከውስጥ ነው የተበላው” አለኝ። ነዳጅ ሲቃጠል የውሃ እንፋሎትም ይወጣል። ረጅም መንገድ ሲኬድ ቧንቧው ስለሚግል ውሃው ይደርቃል። ከቤት ትምህርት ቤት በሚደረግ አጭር ምልልስ ግን ማርሚታው በቅጡ ሳይግል ሞተሩ ይጠፋል፤ ውሃው እዚያው ተኝቶ ብረቱን ይበላዋል።

ሁለት ምክር ቀረበልኝ። አንደኛው ቀዳዳውን በላሜራ መለጠፍ ነበር። ሌላው ማርሚታውን አውጥቶ ቀጥ ያለ ቧንቧ መበየድ፤ “ቱርቦ ስለሆነች ጉልበት ትጨምራለች” ተባልኩ። ነገሩ ጨርሶ ውሸት አይደለም። ቱርቦን የሚያዞረው የጭሱ ግፊት ስለሆነ፣ ጭሱ ከቱርቦው ካለፈ በኋላ ሳይታፈን መውጣት አለበት። ለዚህ ግን ሰፈር መቀስቀስ አያስፈልግም፤ የቧንቧው ስፋት ከፊተኛው እንዳይጠብ መጠንቀቅ ይበቃል። ከጠበበ መኪናዋ ዳገት ላይ ትለግማለች። እናም አዲስ ማርሚታ ከነጓርኒሲዮኑና ከነማንጠልጠያ ጎማዎቹ አስገጠምኩ።

ድምፅዋ ጸጥ አለ፤ ልቤም አብሮ አረፈ። ማታ ግን አባቴ ጎንበስ ብሎ አየና፣ “ጭራው የት ደረሰ?” አለኝ። እውነቱን ነው፤ የአዲሱ ቧንቧ ጫፍ አጥሮ ከልጆቹ ወንበር ኋላ፣ ከወለሉ ሥር ቀርቷል። ጸጥ ያለችው መኪና ጭሷን አሁንም ከልጆቼ ሥር ነበር የምትለቀው። በነጋታው ተመልሼ ጫፉን ከመኪናው አካል ውጭ አስወጣሁ፤ የሳሳውን የኋላ በር ጎማም ቀየርኩ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በካርቦን ሞኖክሳይድ ምክንያት ነው። ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ያነሰ ቢያወጣም፣ ያነሰ ማለት የለም ማለት አይደለም። ልጆች ደግሞ ከእኛ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ቀድመው ይጎዳሉ።

ስለዚህ የመኪናችሁ ድምፅ ከተለወጠ ሳትውሉ ሳታድሩ አስመርምሩ። ቱርቦውም ቧንቧውም ክፉኛ ስለሚግሉ ሳይቀዘቅዙ ማንም እንዳይነካቸው። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ይነቀል። ሥራው ሲያልቅ ድምፁን ሰምታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ጎንበስ ብላችሁ የጭስ ማውጫው ጫፍ የት እንደደረሰ እዩ። የኋላውን መስኮት ብቻ ከፍቶ መንዳትም ጭሱን ወደ ውስጥ ይስባልና ይቅር።

ልጅ ከኋላ ወንበር “ራሴን አመመኝ” ካለ ደግሞ ውሃ ከማቀበላችሁ በፊት መኪናዋን አቁሙና አየር ወዳለበት አውርዱት። ከተዝለፈለፈ ወይም ቶሎ ካልተሻለው በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።